ሩዲመንተሪ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በቦታው መጠቀም፦ ደረጃ በደረጃ

እንግሊዝኛ አዘውትሮ የሚያነብ ሰው ሩዲመንተሪ ከሚለው ቃል ጋር መገናኘቱ አይቀርም። ጋዜጣ ላይ አለ። የምርምር ጽሑፍ ላይ አለ። ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ጤና ጣቢያና ስለ መንገድ በሚጻፉ ሪፖርቶች ላይ ደግሞ በሽ ነው። ብዙዎቻችን «መሠረታዊ» ብለን እንይዘዋለን። ለማንበብ ያህል ይህ ብዙም አያስቸግርም። መጻፍና መናገር ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። «መሠረታዊ ሰብዓዊ መብቶች» ለማለት «ሩዲመንተሪ ሂዩማን ራይትስ» ብሎ የጻፈ ሰው አለ እንበል። አንባቢው የሚረዳው «ገና ጅምር ላይ ያሉ፣ ያልተሟሉ መብቶች» ብሎ ነው። የታሰበው ሌላ፣ የተጻፈው ሌላ።

ለአንድ ቃል ይህን ያህል ጊዜ መስጠት ይገባል ወይ የሚል ይኖራል። እኔ ይገባል ባይ ነኝ። እንግሊዝኛ ላልዳበረ፣ ላላለቀ፣ ላልበሰለ ነገር ብዙ ቃላት አሉት። ሁሉም የየራሳቸው ቦታ አላቸው። ሩዲመንተሪን በደንብ የያዘ ሰው ሌሎቹን ለመለየት አይቸገርም። ስለዚህ እስክሪብቶና ወረቀት ይዛችሁ ተከተሉኝ።

ደረጃ 1፦ ዋናውን ሐሳብ ያዙ

ሩዲመንተሪ የሚባል ነገር ተጀምሯል፤ ግን አልዳበረም። ሁለቱንም አብራችሁ ያዙ። ጭራሽ የሌለ ነገር ሩዲመንተሪ አይባልም። ተሟልቶ ያለቀ ነገርም አይባልም። ግማሽ መንገድ የሄደ ነገርም ቢሆን ይህ ቃል ይከብደዋል። ከመነሻው ብዙ ፈቀቅ ያላለ ነገር ነው ሩዲመንተሪ የሚባለው።

«መሠረታዊ» ከሚለው ቃል የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። መሠረታዊ ስንል አስፈላጊነቱን እየተናገርን ነው። እሱ ከሌለ ሌላው አይቆምም ማለታችን ነው። ሩዲመንተሪ ስለ አስፈላጊነት ምንም አይናገርም። የሚናገረው ነገሩ የት ደረጃ ላይ እንዳለ ብቻ ነው።

አማርኛችን ለዚህ ስሜት ቃል አያጣም። ግን አንድ ቃል ብቻ ሁሉንም አይሸፍንም። ስለ እውቀት ከሆነ «ቁንጽል» ወይም «ጅምር» ይስማማል። ስለ ሐሳብ ከሆነ «እንጭጭ» ጥሩ ነው። ስለ አሠራርና ስለ ሥርዓት ሲሆን «ያልዳበረ»፣ ስለ መጠለያ ሲሆን «እንደነገሩ የቆመ» ማለት እንችላለን። ማንበብና መጻፍን በተመለከተ ደግሞ «ፊደል ከመለየት ያላለፈ» የሚለው ልክ ይመጣል። እንግሊዝኛው ለእነዚህ ሁሉ አንዱን ሩዲመንተሪ ይጠቀማል። ስለዚህ ስታነቡ አንድ ቋሚ ፍቺ ለመለጠፍ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ቃሉ የሚገልጸው ምን እንደሆነ እዩ። ከዚያ የአማርኛውን ቃል ምረጡ።

ደረጃ 2፦ ሥሩን እወቁ

የቃሉ ሥር ላቲን ነው። በላቲን ሩዲስ ማለት ሸካራ፣ ያልተሠራበት፣ ጥሬ ማለት ነው። ከዚህ ሩዲመንቱም የሚል ስም ወጣ። ትርጉሙ የመጀመሪያ ሙከራ፣ ጅማሮ ነው። እንግሊዝኛ ሩዲመንት የሚለውን ስም ከዚያ ወሰደ። ሩዲመንተሪ የሚለው ቅጽል የመጣው ከዚሁ ስም ነው።

ከዚህ ሥር የበቀሉ ሁለት ሌሎች ቃላት ለማስታወስ ይረዳሉ። አንዱ ሩድ ነው፤ ባለጌ፣ ሥነ ሥርዓት የሌለው ለማለት ዛሬ የምንሰማው። በጥንቱ አጠቃቀም ሸካራ፣ ያልተስተካከለ ለማለትም ያገለግል ነበር። ሁለተኛው ኤሩዳይት ነው። ይህ ደግሞ ከሸካራነት የወጣ፣ የተገራ ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ሲሆን ዛሬ ብዙ ያነበበ፣ ሊቅ የሆነ ሰው ይባልበታል። ሩዲመንተሪ እውቀት ያለው ሰው ገና ደጃፉ ላይ ነው። ኤሩዳይት የሆነው ሰው ቤቱን ሁሉ ዞሮ ጨርሷል። ሁለቱን ጥንድ አድርጋችሁ ብትይዙ አይጠፏችሁም።

ሩዲመንት የሚለው ስም ራሱ ዛሬም ይሠራል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው በብዙ ቁጥር ነው፤ «ዘ ሩዲመንትስ ኦቭ» ተብሎ። ለዚህ አማርኛ የተዘጋጀ ቃል አለው፤ ሀሁ። «ዘ ሩዲመንትስ ኦቭ አካውንቲንግ» ማለት የሒሳብ አያያዝ ሀሁ ነው። ከበሮ የሚማሩ ሰዎች ዘንድ ደግሞ ሩዲመንትስ የሙያ ቃል ነው። ስኔር ድራም በተባለው የከበሮ ዓይነት ላይ ሁሉም ጀማሪ የሚለማመዳቸው የምት ቅንብሮች ናቸው። ፐርከሲቭ አርትስ ሶሳይቲ የተባለው የሙያ ማኅበር 40 ሩዲመንቶችን ዘርዝሮ ያጸደቀው በ1984 እ.ኤ.አ. ነው። ትላልቅ ከበሮ መቺዎች ሳይቀሩ በየቀኑ ይለማመዷቸዋል። ልብ በሉ፤ ስሙ ላይ የንቀት ሽታ የለም። ቅጽሉ ላይ ግን አለ። ይህን ልዩነት ወደኋላ እንመለስበታለን።

ደረጃ 3፦ አጠራሩንና አጻጻፉን አስተካክሉ

ቃሉ ሩ፣ ዲ፣ መን፣ ተ፣ ሪ ተብሎ ይከፈላል። ጉልበቱ ያለው «መን» ላይ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ሁሉንም ቀለም እኩል የመጥራት ልማድ አለው። እንግሊዝኛ ግን አንዱን ያጎላና ሌላውን ይውጣል። ስለዚህ «መን» ላይ ጠበቅ አድርጉ፤ «ተ»ን በቀላሉ እለፏት። «ሩዲመንታሪ» ብሎ «ታ»ን ማስረዘም የተለመደ ስሕተት ነው። እንግሊዞች ደግሞ ብዙ ጊዜ «ተ»ን ጭራሽ ውጠው «ሩዲመንትሪ» ይላሉ። ሁለቱም ልክ ነው።

የሚረዳችሁ አንድ ነገር አለ። ዶክመንተሪ የሚለውን ቃል ሁላችንም እናውቃለን። የአጠራሩ ጉልበት ያለው እዚያም «መን» ላይ ነው። ኤለመንተሪና ፓርላመንተሪም እንደዚሁ ናቸው። ዶክመንተሪን በምትጠሩበት ዜማ ሩዲመንተሪን ጥሩት፤ አለቀ።

ሲጻፍ የፊደሎቹ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ አር፣ ዩ፣ ዲ፣ አይ፣ ኤም፣ ኢ፣ ኤን፣ ቲ፣ ኤ፣ አር፣ ዋይ። ሁለት ቦታ ላይ ተጠንቀቁ። ከዲ ቀጥሎ የሚመጣው አይ ነው፤ ኢ ወይም ኤ አይደለም። ኤም ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

ደረጃ 4፦ ቃሉ የሚውልባቸውን ሦስት ቦታዎች ለዩ

የመጀመሪያው ቦታ እውቀትና ችሎታ ነው። «ሺ ሃዝ ኤ ሩዲመንተሪ ኖውሌጅ ኦቭ አረቢክ» የሚል ዐረፍተ ነገር አስቡ። ቤይሩት ወይም ዱባይ ለጥቂት ጊዜ ሠርታ የተመለሰች እህት ትሁን። ሰላምታ ታውቃለች፤ የገበያና የወጥ ቤት ቃላት ታውቃለች። ጋዜጣ ማንበብ ወይም ክርክር መግጠም ግን አትችልም። አማርኛው «አረብኛ ጥቂት ጥቂት ትሞክራለች» ነው። «አንደርስታንዲንግ» እና «ግራስፕ» የሚሉ ስሞችም ከሩዲመንተሪ ጋር ይስማማሉ፤ ሁለቱም መረዳትን ይገልጻሉ። «ስኪልስ» የሚለውም ይሄዳል።

ሁለተኛው ቦታ መሣሪያ፣ መጠለያ፣ አገልግሎትና አሠራር ነው። «ዘ ክሊኒክ ሃድ ኦንሊ ሩዲመንተሪ ኢኩዊፕመንት» ማለት ክሊኒኩ መሣሪያ አለው፤ ግን ከቴርሞሜትርና ከደም ግፊት መለኪያ ብዙም አያልፍም ማለት ነው። ቴክኖሎጂ ላይም ቃሉ በብዛት ይመጣል። በ1966 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኤምአይቲ በተባለው ዩኒቨርሲቲ ጆሴፍ ዋይዘንባም ኢላይዛ የተባለች የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠርቶ አስተዋውቆ ነበር። ፕሮግራሟ ከሰው ጋር በጽሑፍ ታወራለች። የተጻፈላትን ዐረፍተ ነገር ውስጥ ቁልፍ ቃል ትፈልግና መልሳ ጥያቄ ታደርገዋለች። ስለምታወራው ነገር የምታውቀው የለም። «ኢላይዛ ዋዝ ኤ ሩዲመንተሪ ቻትቦት» ቢባል ቃሉ በትክክል ቦታውን አገኘ። ነገሩ ተጀምሯል፤ ዛሬ ካለንበት ጋር ሲተያይ ግን ገና ዳዴ ላይ ነበር።

ሦስተኛው ቦታ የሕያዋን አካል ነው። እኔ ከሁሉ የምወደው ይህን ነው፤ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት። ኒው ዚላንድ ውስጥ ኪዊ የምትባል የማትበር ወፍ አለች። ክንፍ አላት፤ ግን በጣም ትንሽ ከመሆኑ የተነሣ ላባዋ ውስጥ ተደብቆ አይታይም። «ዘ ኪዊ ሃዝ ሩዲመንተሪ ዊንግስ» ይባላል። ዓሣ ነባሪም የኋላ እግር የለውም፤ ሥጋው ውስጥ ግን ትንንሽ የዳሌ አጥንቶች አሉት። ጥንት አያቶቹ በየብስ ይሄዱ ስለነበር ነው። እዚህ ላይ ሩዲመንተሪ ሁለት ነገር ሊል ይችላል። አንደኛው ከመጀመሪያው ሙሉ ሆኖ ያላደገ ማለት ነው። ሁለተኛው ድሮ ሙሉ የነበረ፣ አሁን አንሶ የቀረ ማለት ነው።

ቻርልስ ዳርዊን በ1859 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የዝርያዎች አመጣጥ መጽሐፉ እንዲህ ያሉትን አካላት ሩዲመንተሪ ብሎ ጠርቷቸዋል። ያመጣው ማነጻጸሪያ ደግሞ ለእኛ የተጻፈ ይመስላል። እነዚህ አካላት በቃል አጻጻፍ ውስጥ እንደቀሩ፣ በንባብ ግን እንደማይሰሙ ፊደሎች ናቸው ይላል። ለንባቡ አይጠቅሙም፤ የቃሉን ምንጭ ለሚፈልግ ግን ፍንጭ ይሰጣሉ። የእኛን ዓይን ዐ እና አልፋ አ አስቡ። በአማርኛ አነባበባቸው አንድ ነው። «ዓይን» የሚለውን ቃል በዐ የምንጽፈው ግን ያለ ምክንያት አይደለም። በግእዝ ዐ የራሷ ድምፅ ነበራት። አረብኛና ዕብራይስጥ ለዓይን ያላቸው ቃል የሚጀምረውም በዚያችው ድምፅ ነው። ሞክሼ ፊደሎቻችን በንባብ ቢመሳሰሉም ዘመድ ያገናኛሉ።

የዛሬ ባዮሎጂ ጸሐፊዎች ለሁለተኛው ዓይነት፣ ማለትም አንሶ ለቀረው፣ ቬስቲጂያል የሚለውን ቃል ያዘወትራሉ። የሳይንስ ወረቀት የምትጽፉ ከሆነ እናንተም እንዲሁ ብታደርጉ ይሻላል።

ደረጃ 5፦ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገቡት

ቃሉ ከስም በፊትም ከስም በኋላም ይመጣል። «ኤ ሩዲመንተሪ ሲስተም» ማለት ይቻላል። «ዘ ሲስተም ኢዝ ሩዲመንተሪ» ማለትም ይቻላል።

ከእውቀት ጋር ሲመጣ መስተዋድዱ «ኦቭ» ነው። «ኤ ሩዲመንተሪ ኖውሌጅ ኦቭ ኢንግሊሽ» እንላለን። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ስንመልስ «አባውት» ወይም «ኢን» የምትለዋ ሾልካ ትገባለች፤ አትፍቀዱላት። ኖውሌጅ የማይቆጠር ስም ቢሆንም እንዲህ በቅጽል ሲገለጽ ከፊቱ «ኤ» ሊቀበል ይችላል። ሳይቀበልም ልክ ነው።

አጃቢ ቃላቱን አብራችሁ አጥኑ። «ኦንሊ» በብዛት ይቀድመዋል። «ስቲል» ሲጨመር ገና ነው፣ ወደፊት ይሻሻል ይሆናል የሚል ስሜት ይመጣል። «አት ቤስት» መጨረሻ ላይ ሲገባ ቢበዛ ቢበዛ እንዲህ ነው ማለት ይሆናል፤ ጠንከር ያለ ትችት ነው። ከሁሉም የሚበረታው «ኢቭን ዘ ሞስት ሩዲመንተሪ» የሚለው ነው። «ዘ ካምፕ ላክስ ኢቭን ዘ ሞስት ሩዲመንተሪ ፋሲሊቲስ» ስንል ካምፑ ሌላው ይቅርና ትንሹ፣ ተራው ነገር እንኳ የለውም ማለታችን ነው። ይህ አባባል ሪፖርት ላይ በጣም ያገለግላል። ግን በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሁለቴ ከመጣ ጉልበቱ ያልቃል።

ተውሳከ ግሱ ሩዲመንተሪሊ ነው። መዝገበ ቃላት ውስጥ አለ፤ ሰው ግን እምብዛም አይለውም። በእሱ ፈንታ «ኢን ኤ ሩዲመንተሪ ዌይ» በሉ።

አንድ ሕግ ደግሞ አትርሱ። ቃሉ ለሰው አይሰጥም። «ሂ ኢዝ ሩዲመንተሪ» የሚል እንግሊዝኛ የለም። ሩዲመንተሪ የሚሆነው የሰውየው እንግሊዝኛ ነው፤ ሥዕሉ ነው፤ የኮምፒውተር ችሎታው ነው።

ደረጃ 6፦ ከጎረቤቶቹ ጋር አወዳድሩት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የስሕተቱ አንዱ ምንጭ ደግሞ የራሳችን ደግ ቃል ነው፤ «ያልበሰለ»። አማርኛ በዚህ አንድ ቃል ብዙ ነገር ይገልጻል። ማንጎው አልበሰለም፤ ሥጋው አልበሰለም፤ ልጁ አልበሰለም፤ ሐሳቡ አልበሰለም። እንግሊዝኛ አራቱንም ይለያያቸዋል። ማንጎው አንራይፕ ነው። እሳት ያልነካው ሥጋ ሮው፣ እሳት የነካው ግን ያልበቃው አንደርኩክት ይባላል። ዕድሜው ሄዶ ጠባዩ ያልበሰለው ሰው ኢማቹር ነው። ከነዚህ አንዱም ሩዲመንተሪ አይባልም።

ሐሳቡ ጋ ስንደርስ ምርጫው ይሰፋል። ሳይታሰብበት የቀረበ፣ ቢተገበር የሚከሽፍ ዕቅድ ሃፍ ቤክት ይባላል። ይህ ስድብ ቀረሽ ነው፤ አለቃችሁ ፊት አትናገሩት። ዝርዝሩ ገና ያልተሠራ፣ መነሻው ግን ያለ ዕቅድ ሩዲመንተሪ ነው። ውስጣችን የሚመላለስ፣ ገና ቅርጽ ያልያዘ ሐሳብ ወይም ስሜት ከሆነ ደግሞ ኢንኮዌት የሚባል ቃል አለ። የመጨረሻውን በአጻጻፉ አይታችሁ «ኢንቾት» እንዳትሉት። ሲ እና ኤች ተጽፈው የሚነበቡት እንደ ከ ነው። የሕግ ተማሪዎች ይህን ቃል በደንብ ያውቁታል። ሙከራና ሤራ የመሳሰሉት፣ ፍጻሜ ያላገኙ ወንጀሎች ኢንኮዌት ኦፌንስስ ይባላሉ።

ቤዚክ የቅርብ ጎረቤት ነው። ልዩነቱን በመጀመሪያው ደረጃ አይተናል። ለመብት፣ ለፍላጎት፣ ለደመወዝ ሁልጊዜ ቤዚክ በሉ። ኤለመንተሪ የትምህርት ሽታ አለው፤ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት፣ የጀማሪ ኮርስ። ሲምፕል ምንም ወቀሳ የለበትም፤ ቀላል ነው፣ አልተወሳሰበም፣ በቃ።

ክሩድ ከሩዲመንተሪ ጋር በጣም ይምታታል። ክሩድ የሚናገረው ስለ አሠራሩ ሸካራነት ነው። ያልተጣራ ነዳጅ ክሩድ ኦይል ይባላል፤ የብልግና ቀልድም ክሩድ ጆክ ነው። የሰፈራችሁን ካርታ በጥቂት መስመሮች ብትነድፉ ሩዲመንተሪ ነው፤ መስመሮቹ ንጹሕ ሊሆኑ ይችላሉ። በችኮላ ተንጋደው ከተሣሉ ክሩድ ነው።

ኔሰንት አዲስ የተወለደና እያደገ ያለ ነገር ይባልበታል። ተስፋ አለበት። ስለ አንድ አገር ጀማሪ የሶፍትዌር ዘርፍ በበጎ መጻፍ ከፈለጋችሁ ኔሰንት ምረጡ። ሩዲመንተሪ ካላችሁት ተስፋው ይቀርና ጉድለቱ ይጎላል። ኢምብሪዮኒክ ደግሞ ከዚያም ቀደም ያለ ነው፤ ገና በሐሳብና በዕቅድ ደረጃ ያለ። መሬት ካልለማ አንደቨሎፕት ነው። በእንግሊዝኛ ያልለማ መሬት ማለት ምንም ያልተገነባበት መሬት ነው፤ ሩዲመንተሪ ላንድ አይባልም።

ደረጃ 7፦ የሚሰነዝረውን ፍርድ መዝኑ

ሩዲመንተሪ ደረጃ መዳቢ ቃል ነው። የተጠቀመበት ሰው «ይህ ሊኖረው ከሚገባው በታች ነው» እያለ ነው። ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት ከምን ጋር ሲነጻጸር ነው ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካጣችሁ ቃሉን ተዉት።

ይህን አጥብቄ የምናገረው በምክንያት ነው። ስለ እኛ ገበሬ የተጻፉ የእንግሊዝኛ ጽሑፎች ሞፈርና ቀንበሩን ሩዲመንተሪ ቱልስ ሲሉ ደጋግሜ አንብቤያለሁ። እኔ አልስማማም። ሞፈር አለ፤ ቀንበር አለ፤ ድግር፣ እርፍ፣ ወገል፣ ማረሻ አለ። እያንዳንዱ የራሱ ሥራ አለው። ገበሬው ራሱ ያበጀዋል፤ ከብረቱ በቀር ሁሉም ከአካባቢው እንጨትና ጠፍር ይገኛል። ሥራ ሲያልቅ ትከሻው ላይ አድርጎ ይገባል። ለተዳፋትና ለድንጋያማ ማሳ የተስማማ፣ ከትውልድ ትውልድ የተሻሻለ መሣሪያ ነው። አፈሩን ይሰነጥቃል እንጂ አይገለብጥም። ለዚህም ነው ለጤፍ ደጋግሞ ማረስ የሚያስፈልገው። ይህ ጉድለት መነገር አለበት። ግን ጅምር ላይ የቀረ መሣሪያ አይደለም። በእንግሊዝኛ ስትጽፉ «ኤ ሲምፕል፣ ላይት ፕላው» በሉት። እውነቱም ይህ ነው፤ ባለቤቱንም አያሳንስም።

ሰውን በተመለከተ ፕሪሚቲቭ የሚለው ቃል ደግሞ ይብሳል። የድንጋይ ዘመን መሣሪያን ለመግለጽ ይቻላል። ስለ ሕዝብ ወይም ስለ ባህል ሲነገር ግን ስድብ ነው፤ ጨርሶ አትጠቀሙበት።

ደረጃ 8፦ ፈተናና የሥራ ማመልከቻ ላይ አስቡበት

አይኤልትስ በተባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና የጽሑፍ ክፍሉ በአራት መለኪያዎች ይታረማል። የቃላት ሀብት አንዱ ነው፤ ከውጤቱ ሩቡን ይይዛል። ብዙም ያልተለመዱ ቃላትን በቦታቸው መጠቀም ያስመሰግናል። «በቦታቸው» የሚለው ላይ ነው ክብደቱ። ስለ ገጠር ትምህርት ቤት ወይም ስለ ሕዝብ ትራንስፖርት ጥያቄ ሲመጣ «ሩዲመንተሪ ፋሲሊቲስ» ወይም «ኤ ሩዲመንተሪ ትራንስፖርት ሲስተም» ማለት ያስኬዳል። አንዴ ይበቃል። ቀጥሎ ስታነሱት ቃል ቀይሩ።

ሲቪ ላይ ግን ሌላ ነው። አሜሪካም ሆነ አውሮፓ ሥራ የምትፈልጉ፣ የቋንቋ ችሎታችሁን ሩዲመንተሪ ብላችሁ አትጻፉ። ራስን ዝቅ ማድረግ ይሆናል። አውሮፓ ውስጥ በሚሠራበት የቋንቋ መመዘኛ ዝቅተኞቹ ሁለት ደረጃዎች፣ ኤ1 እና ኤ2፣ የሚጠሩት ቤዚክ ዩዘር ተብለው ነው። ሊንክድኢን ላይ ደግሞ ዝቅተኛው አማራጭ ኤለመንተሪ ይላል። እናንተም ከነዚህ አንዱን ውሰዱ። በቃለ መጠይቅ ላይ ግን በአፍ «ማይ ጀርመን ኢዝ ስቲል ሩዲመንተሪ፣ በት አይ አም ለርኒንግ» ብትሉ ጥሩ ነው። ትሕትናም አለው፤ ቋንቋ እንደምታውቁበትም ያሳያል።

ደረጃ 9፦ ተለማመዱ

የሚከተሉትን ወደ እንግሊዝኛ መልሱ። መልሱን ሳታዩ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ጻፉ። ሁሉም ሩዲመንተሪን አይፈልጉም።

«ስዋሂሊ ጥቂት ጥቂት እሞክራለሁ።» «ምግብና ውኃ መሠረታዊ ፍላጎቶች ናቸው።» «የመሥሪያ ቤቱ የሰነድ አያያዝ ገና አልዳበረም።» «ዘርፉ ገና ጀማሪ ቢሆንም ፈጥኖ እያደገ ነው።» «ትምህርት ቤቱ ሌላው ቀርቶ መጸዳጃ እንኳ አልነበረውም።» «ብርቱካኑ አልበሰለም።» «የኮምፒውተር ሀሁ አስተማረችኝ።»

የመጀመሪያው «አይ ሃቭ ኤ ሩዲመንተሪ ኖውሌጅ ኦቭ ስዋሂሊ» ነው። ሁለተኛው ላይ ቤዚክ ኒድስ እንጂ ሌላ አይሆንም፤ የተነገረው ስለ አስፈላጊነት ነው። ሦስተኛው «ዘ ፋይሊንግ ሲስተም ኢዝ ስቲል ሩዲመንተሪ» ይሆናል፤ «ገና» የሚለውን «ስቲል» ተሸክሞታል። አራተኛው ተስፋ ስላለበት ኔሰንት ይፈልጋል። አምስተኛው «ዘ ስኩል ላክድ ኢቭን ዘ ሞስት ሩዲመንተሪ ፋሲሊቲስ» ነው፤ መጸዳጃውን ለብቻው ለመጥቀስ ከፈለጋችሁ «ኢቭን ኤ ቶይሌት» ብላችሁ በቀጥታ ጻፉት፤ እሱም ይበልጥ ይጨበጣል። ብርቱካኑ አንራይፕ ነው። የመጨረሻው ላይ ቅጽሉን ሳይሆን ስሙን አምጡ፦ «ሺ ቶት ሚ ዘ ሩዲመንትስ ኦቭ ኮምፒውቲንግ»።